ሐሳቡ ከመምህሩ፣ ጠመኔው ከደመወዙ፤ ብሩስ የት ደረሰ?

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የምታነቡት አንድ አንጋፋ መምህር በአዲስ አበባ ለተሰበሰቡ የሙያ ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ንግግር ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁን ፈቃዳቸውን አክብረናል። ንዑስ ርዕሶቹ የእኛ ናቸው።)



ከሁሉ አስቀድሜ ቅዳሜን የሚያህል ቀን፣ ልብስ የሚታጠብበትን፣ ልቅሶ የሚደረስበትን፣ ለአንዳንዶቻችንም ሰው ቤት ሄደን ልጅ አስጠንተን የቤት ኪራይ የምንሞላበትን ቀን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ረዘም ያለ ነው። "የትምህርት ዓይነቶችን አቀናጅቶ ለማስተማር የሚረዱ መሣሪያዎችና ለመምህራን የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ" ይላል። እኔ ግን ላሳጥረውና እንዲህ ብዬ ልጠይቅ፦ መምህሩ አንድ መልካም ነገር ሲያስብ ያንን የሚሠራባት ብር ከየት ትምጣ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ግን እዚህ ያለነው ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኪሱ! የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። በትምህርት ስም ስንትና ስንት ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት አገር፣ ትምህርቱን የሚሰጠው ሰው ለፍሊፕ ቻርትና ለማርከር ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል።

መቀናጀት ከእኛው ቤት ነው

አንዳንድ ሰው "የተቀናጀ ትምህርት" ሲባል ትናንት ከፈረንጅ አገር በአውሮፕላን የገባ ይመስለዋል። ወርክሾፕ የጠራው ድርጅትም እንደዚያ አድርጎ ያቀርብልናል። ለመሆኑ የባሕረ ሐሳብ መምህር ምን ሲያስተምር ኖረ?

እስቲ የ2018 ዓ.ም.ን አብረን እናውጣ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ስትደምሩ 7518 ይሆናል። ይህን ለ4 ብታካፍሉት 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ማለት ነው። 7518ን ከ1879 ጋር ደምራችሁ በ7 ብትገድፉ 3 ይተርፋል፤ በዚህ ቆጠራ 1 ማክሰኞ ነውና 3 ሐሙስ ይሆናል። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ አልዋለም? አሁን ደግሞ 7518ን ለ19 አካፍሉት፤ 13 ይተርፋል፤ አንድ ስታጎድሉለት ወንበሩ 12 ነው። 12ን በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉ አበቅቴው 12፤ 12ን በ19 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉ መጥቅዑ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30!

ይህ የየትኛው ዲፓርትመንት ትምህርት ነው? ሒሳብ ነው፤ ቀሪ ያለው ማካፈል ነው። የፀሐይና የጨረቃ ጉዳይ ስለሆነ ፊዚክስም ጂኦግራፊም ነው። ታሪክም ነው፤ ግዕዝም ነው። ልብ በሉ፣ ያቺ 11 ቁጥር ከሰማይ የወደቀች አይደለችም። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ የተፈጠረች ልዩነት ናት። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ የሚመጣውም በዚችው ልዩነት ነው። እንግዲህ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ልጅ በአንድ ወንበር አስቀምጦ፣ አንደኛው ስለ ፋሲካ፣ ሌላኛው ስለ ዒድ እያወራ ሒሳብ የሚማርበት ክፍለ ጊዜ ከዚህ የበለጠ ከየት ይመጣል?

ሃይማኖት ካለበት እሳት አለበት የሚል ካለ ደግሞ እንጀራን ይውሰድ። የሊጡን መኩፋት የባዮሎጂ መምህሯ ታስረዳለች። እንጀራው ዓይን የሚያወጣው በምን አየር እንደሆነ የኬሚስትሪ መምህሩ ይናገራል። አብሲት ተጥሎ ወደ ሊጡ ሲመለስ ምን እንደሚለውጥ ከሁለቱ የማያንስ እውቀት ያላቸው እናቶች በየቤቱ አሉ። የፊዚክስ መምህሩ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ይዞ ይመጣል፤ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል የሚስብ ምጣድ አንድ ሰዓት ቢበራ ቆጣሪው ላይ ስንት እንደሚቆጥር ልጆቹ ያሰሉታል። የጤፍ ዋጋ ለምን ወጣ የሚለውን ለኢኮኖሚክስ እንተወዋለን። አማርኛ መምህሩም ሥራ አያጣም፤ ስለ እንጀራና ስለ ምጣድ ያልተተረተ ምን አለ?

ይህን ሁሉ የምለው መቀናጀቱ አዲስ ሸክም እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። መንግሥትም በወረቀት ላይ አምኖበታል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የወጣው ሥርዓተ ትምህርት ለታችኞቹ ክፍሎች አካባቢ ሳይንስን፣ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል የተቀናጀ ሳይንስን አስቀምጦ ነበር። ልጁ 7ኛ ክፍል ሲደርስ ግን ያ አንድ የነበረው ዓለም ተበልቶ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ይሆንበት ነበር። ደወሉ ሲደወል አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። የኬሚስትሪው መምህር ስለ አሲድ ሲያስተምር፣ የባዮሎጂዋ መምህር በሚቀጥለው ክፍል ስለ ጨጓራ እያስተማረች መሆኑን አያውቅም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ሙዚቃን፣ ሥዕልን፣ ቴአትርንና ውዝዋዜን "ክወናና እይታ ጥበባት" ብሎ በአንድ ስም ጠቅልሏቸዋል። መልካም ነው። መምህሩ ግን የሠለጠነው በአንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከበሮውስ? ቀለሙስ? ክራሩስ? ስም ማቀናጀት ቀላል ነው ጎበዝ፤ በስም ከበሮ አይመታም!

የቀበና ወንዝ ያስተማረን

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት (ስሙን አልጠራም፣ ለብዙዎቹ ስለሚመስል መጥራቱም አያስፈልግም) ከአንዲት የባዮሎጂ መምህርት ጋር ሆነን አንድ ነገር አሰብን። ቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ይወርዳል፣ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፣ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል እንጂ ባሕር አይደርስም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወንዝ የተጣለ ነገር ከአገር አይወጣም፤ የሚጠጣው ወገን ነው። ይህን ልጆቹ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከወንዙ እንዲያነቡት ፈለግን።

የጠየቅነው ሊትመስ ወረቀት፣ ሁለት ቴርሞሜትር፣ ክዳን ያላቸው ጠርሙሶች፣ የላስቲክ ጓንትና የአንድ ቀን የሚኒባስ ኪራይ ነው። የአንድ ቀን ወርክሾፕ የሻይ ወጪ አይሆንም። ጻፍን፤ ዲፓርትመንት ኃላፊው ፈረሙ፤ ዩኒት ሊደሩ ፈረሙ፤ ከዚያ ወረቀቱ ጠፋ። በመጨረሻ መልስ የመጣው ፈተናው ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። መልሱም "በዕቅድ ስላልተያዘ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይቅረብ" የሚል ነበር። እኛ ግን ወረቀቱን አልጠበቅንም። እሷ ጠርሙሱንና ጓንቱን፣ እኔ ሊትመሱንና ሚኒባሱን ከፍለን ልጆቹን ይዘናቸው ሄደናል።

ከላይ፣ እንጦጦ ሥር፣ ድንጋይ ገልበጥ ሲያደርጉ ሥሩ ትናንሽ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። ልጆቹ ቆጠሩ፣ መዘገቡ። ከከተማው መሐል ወርደው ድንጋይ ሲገለብጡ ምንም የለም፤ ጥቁር አተላ ብቻ። አንዲት ልጅ "ቲቸር፣ ነፍሳቱ የት ሄዱ?" አለችኝ። ያቺ ጥያቄ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ናት። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግራፍ ሠሩላት፣ በጂኦግራፊ ካርታ ሣሉላት፣ በአማርኛ ደብዳቤ ጻፉላት፣ በሥነ ዜጋ ደግሞ "ደብዳቤው ለማን ይላክ? ተጠያቂው ማነው?" ብለው ተከራከሩባት።

እንግዲህ የኔ ቁም ነገር ይህ ነው፦ እንዲህ ያለው ትምህርት የሚሞተው ሐሳብ አጥቶ ወይም ትልቅ ገንዘብ አጥቶ አይደለም። ትንሽ ገንዘብ በጊዜዋ ወደ መምህሩ የምትደርስበት መንገድ ስለሌለ ነው።

ብሩ በየት በኩል ያልፋል?

በደርግ ዘመን በየአውራጃው ፔዳጎጂካል ማዕከል የሚባል ነበር። ዘመኑን ለማወደስ አይደለም፤ ያሳለፍነውን እናውቃለን። ማዕከሉ ውስጥ ግን እንጨት ነበረ፣ መጋዝ ነበረ፣ ቀለም ነበረ፣ መምህር ከአካባቢው ቁሳቁስ መርጃ መሣሪያ ይሠራ ነበር። ዛሬም በየትምህርት ቤቱ "የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል" የሚል ታፔላ አለ። እስቲ ሰኞ ሄዳችሁ በሩን ክፈቱት፤ ቁልፉ ከተገኘ ማለቴ ነው። ሱፐርቪዥን ሲመጣ የሚጠረግ፣ አቧራ የጠጣ የካርቶን ልብና የጭቃ ካርታ የተደረደረበት ክፍል ካላገኛችሁ እድለኞች ናችሁ።

ከዚያ ፕላዝማው መጣ። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ይሰጥ ተባለና በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ፕሮግራም በየክፍሉ ተሰቀለ። አላማውን አልነቅፍም፤ ላብራቶሪ አይቶ ለማያውቅ ልጅ ሙከራውን በስክሪን ማየቱ ራሱ ነገር ነው። ግን ምን ሆነ? ስክሪኑ ይናገራል፣ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ልጁ ሳይመልስ መልሱን ራሱ ይናገራል። መምህሩ ደግሞ ጎን ቆሞ መብራት እንዳይጠፋ ይጸልያል። ያ ሁሉ ወጪ ሲወጣ "መምህር ሆይ፣ አንተስ ምን ያስፈልግሃል?" ብሎ የጠየቀ ነበር?

ቀጥሎ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም ሥር እኛ "ስኩል ግራንት" የምንለው ገንዘብ መጣ። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ነው። ይህ ከበፊቱ የተሻለ ነው፤ መካድ አይገባም። ቢያንስ ብሩ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ደረሰ። መሻሻል ያለባቸውም አራት መስኮች ተባሉ፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራርና አስተዳደር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ነገር ግን እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ያየሁት ብሩ በሩ ላይ ደርሶ እንደሚቆም ነው። አጥር ይታጠራል፣ ወንበር ይጠገናል፣ የፎቶ ኮፒ ቀለም ይገዛል። ሁሉም ያስፈልጋል! ግን አንድ መምህር ተነስቶ "እኔና የሒሳቡ መምህር ይህን ልንሠራ አስበናልና ይህን ያህል ይፈቀድልን" የሚልበት ፎርም፣ የሚልበት ቀን፣ የሚልበት ወንበር የለም። ገንዘቡ የሕንፃ ቋንቋ ያውቃል፤ የክፍል ቋንቋ ግን አያውቅም።

የሰው አገር ምን ይመስላል?

"ይህ የድሃ አገር ችግር ነው" የሚል ይኖራል። አይደለም። በሀብታሟ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014-15 የትምህርት ዓመት በተደረገ የመንግሥት ጥናት፣ ከሕዝብ ትምህርት ቤት መምህራን 94 ከመቶው ለክፍላቸው ከኪሳቸው ማውጣታቸውንና ይህም በአማካይ 479 ዶላር መሆኑን ተናግረዋል። መንግሥቱም ይህን አውቆ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ መምህር ለክፍሉ ካወጣው ላይ እስከ 250 ዶላር፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ እስከ 300 ዶላር ድረስ ከሚታሰብበት ግብር እንዲቀነስለት አድርጓል። ገንዘቡ ያንሳል። ቁም ነገሩ ግን የመምህሩ ወጪ በሕግ ታወቀ! እኛ አገር ከደመወዛችን ግብሩ ቀድሞ ይቆረጣል፤ ከተረፈችው ደግሞ እኛው የመንግሥትን ሥራ እንደጉማለን።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2000 በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር ቻርልስ ቤስት የሚባል ወጣት የታሪክ መምህር "ዶነርስ ቹዝ" የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መምህሩ ለክፍሉ የሚፈልገውን ይጽፋል፤ ይህን ያህል መጽሐፍ፣ ይህን ያህል ማይክሮስኮፕ ብሎ ከነዋጋው። ያነበበ ሰው ልቡ የወደደውን መርጦ አምስትም ይሁን ሃምሳ ዶላር ያዋጣል። ሲሞላ ገንዘቡ ለመምህሩ አይሰጥም፤ ድርጅቱ ዕቃውን ገዝቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይልካል። ቻርልስ ቤስት መጀመሪያ የሥራ ባልደረቦቹ እንዲጽፉ ያግባባቸው እናቱ በሠራችው ጣፋጭ ምግብ ነው፤ የበላ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጻፍ አላቸው። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎችም ስሙን ሳይናገር ራሱ ከፈለ። አያችሁ? የተጀመረው ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው።

ወደ ጎረቤታችን ኬንያ እንምጣ። ፒተር ታቢቺ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነው፤ በናኩሩ አውራጃ ከሪኮ በተባለ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ባለበት፣ ለአንድ መምህር 58 ተማሪ በሚደርስበት ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎቹ ከአካባቢው ዕፅዋት ኤሌክትሪክ በማመንጨት ሥራቸው ከእንግሊዙ የኬሚስትሪ ማኅበር ሽልማት አግኝተዋል። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በአንድ ቅጠል ላይ! እሱም እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም መምህር ሽልማትን፣ 1 ሚሊዮን ዶላር፣ ወሰደ። እጅግ ደስ ይላል። ግን ይህ ሰው ከደመወዙ 80 ከመቶውን ለችግረኞች የሚሰጥ መነኩሴ መሆኑን አትርሱ። ልጅ የሚያሳድግ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል መምህር 80 ከመቶውን ከየት ያመጣል? መምህር መልካም ትምህርት እንዲሰጥ መነኩሴ መሆን ካለበት፣ አገሪቱ ትምህርት ቤት ሳይሆን ገዳም ነው የምትፈልገው።

በሰው ወርቅ አይደምቁ

"ታዲያ ለጋሽ እንፈልግ" ትሉ ይሆናል። እንፈልግ፤ ግን ዓይናችንን ገልጠን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የሰብአዊ ትምህርቶች ብሔራዊ ድጋፍ ድርጅት መምህራን በክረምት ተሰብስበው ታሪክን፣ ሥነ ጽሑፍንና ጥበብን አጣምረው እንዲያጠኑ ለዓመታት ሲከፍል ኖሯል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ላይ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የድጋፍ ውሎቹ በደብዳቤ ተሰረዙ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ዩኤስኤአይዲ ሥራውን አቆመ። በእሱ ገንዘብ ይሠራ የነበረ የትምህርት ፕሮጀክት ምን እንደሆነ ከእናንተ መካከል ያየ አለ። ለራሱ አገር መምህር በአንድ ደብዳቤ የሚያቋርጥ ገንዘብ ለኛ ዋስትና ሊሆን አይችልም።

ሌላም ጣጣ አለው። የለጋሽ ገንዘብ የሚፈልገውን ቃል ይዞ ይመጣል። ዘንድሮ ቃሉ "አየር ንብረት" ከሆነ ሁላችንም ስለ አየር ንብረት እንጽፋለን፤ ከርሞ "ዲጂታል" ሲባል ኮምፒውተር በሌለበት ስለ ዲጂታል እንጽፋለን። ልጆቹ የጠየቁትን ሳይሆን ፎርሙ የጠየቀውን ማስተማር እንጀምራለን። በመጨረሻም ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

ምን እንጠይቅ?

እንግዲህ ቅሬታ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። የምጠይቀው አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ ታፔላ አይደለም። ወደ ትምህርት ቤቱ ከሚመጣው ገንዘብ ላይ ጥቂቷ እጅ "የመምህራን የሐሳብ ገንዘብ" ተብላ ትለይ ነው የምለው። አሠራሯም እንዲህ ይሁን።

አንደኛ፣ የሚጠይቁት ከሁለት የተለያዩ ዲፓርትመንቶች የመጡ ቢያንስ ሁለት መምህራን ይሁኑ። ይህ ብቻውን ትምህርቱን ያቀናጀዋል፤ ብሩን ፈልገው ይነጋገራሉ፣ ሲነጋገሩ ደግሞ አንዱ ለሌላው የሚሰጠው እንዳለ ያያሉ። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ልጆቹ ምን ይማራሉ፣ ምን ዕቃ ይገዛል፣ ስንት ነው፣ መቼ ያልቃል። ሎግ ፍሬም ምናምን አያስፈልግም! ሦስተኛ፣ መልሱ በ15 ቀን ውስጥ ይሰጥ። ወንዙ ክረምት ሲገባ ይሞላል፤ ወረቀታችንን አይጠብቅም። አራተኛ፣ ጥሬ ገንዘብ በመምህሩ እጅ አይግባ፤ ዕቃው ይገዛ፣ ዋጋው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። አምስተኛ፣ የተሠራው መሣሪያ ወደ ጉድኝት ማዕከሉ ይግባና ሌላው ትምህርት ቤት ይዋሰው፤ ያ የተቆለፈው ክፍልም ሥራ ያግኝ። ስድስተኛ፣ ሞክሮ ያልተሳካለት መምህር አይከሰስ፤ ለምን እንዳልተሳካ ግማሽ ገጽ ይጻፍልን፣ ይበቃል።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አንዱ "መምህሩ ይበላዋል" የሚል ነው። እጅግ ይገርመኛል! የልጆቹን ሕይወት ያስረከቡትን ሰው የሊትመስ ወረቀት ይሰርቃል ብሎ መጠርጠር! ለማንኛውም ብሩ በእጁ ስለማይገባ መልሱ አብሮ አለ። ሁለተኛው "ፖርሽን አይሸፈንም" የሚል ነው። ወገኖቼ፣ ፖርሽንማ ሸፍነን አይተነዋል! የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ናቸው። ለዚህ ውድቀት ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ጦርነቱም፣ ድህነቱም፣ የመጽሐፍ እጥረቱም አለበት። ነገር ግን ፖርሽኑ በየክፍሉ "ተሸፍኗል" ተብሎ ሪፖርት እየተደረገ ልጆቹ ከወደቁ፣ የሸፈንነው ምኑን ነው? ብርድ ልብስ እንኳ የሚሞቀው እግር ሲደርስ ነው።

ለእኛም ለራሳችን

መንግሥትን ብቻ ወቅሼ ብወርድ ጭብጨባ ይበዛልኛል፤ ግን ለእኛም የሚነገረን አለ። በመጀመሪያ፣ የሐሳብ ገንዘብ የአበል መተኪያ አይሁን። "ውሎ አበል አለው?" ብሎ የሚጀምር ፕሮጀክት ወንዝ አይደርስም። ሁለተኛ፣ የእኔ ትምህርት፣ የእኔ ክፍለ ጊዜ፣ የእኔ ዲፓርትመንት የሚለውን አጥር ራሳችን ነን የምናጥረው። የፊዚክስ መምህር አማርኛ መምህሩን "እናንተ ምን አለባችሁ፣ ተረት ነው" ይለዋል። ይሄው ሰው ግን ተማሪዎቹ የፈተና ጥያቄ አንብበው ስለማይረዱ ያማርራል! ሦስተኛ፣ ይህች ገንዘብ ብትፈቀድም የደመወዝ ጥያቄያችንን አትተካም። "ግራንት ሰጠናችሁ" ብሎ ስለ ኑሮ ውድነቱ ዝም ሊያሰኘን የሚመጣ ካለ፣ መምህርም ሆድ አለው በሉት። አንዱ የልጆቹ ነው፣ ሌላው የእኛ። አናምታታ።

ለዚህ ሁሉ የሚኒስቴሩን ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም። ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ነገር ማድረግ ይቻላል። የትምህርት ቤታችሁ የስኩል ግራንት ገቢና ወጪ ለወላጅና መምህራን ኅብረቱ እንዲነበብ በጨዋነት ጠይቁ፤ ይህ የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከሌላ ዲፓርትመንት አንድ መምህር ሻይ ጋብዙና "ልጆቹ ከኔ ክፍል ወጥተው ወዳንተ ሲመጡ ምን ጎድሏቸው ታገኛለህ?" በሉት። ከዚያም ያቺን አንድ ገጽ ጻፉ፤ ባይፈቀድም ቅጂውን አስቀምጡ። ዘንድሮ አንድ ገጽ "በዕቅድ አልተያዘም" ሊባል ይችላል። ከአንድ ክፍለ ከተማ ሁለት መቶ ገጽ በአንድ ቀን ሲገባ ግን ዕቅዱ ራሱ ይጠየቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

መምህር ከኪሱ ጠመኔ ገዝቶ ማስተማሩን በየበዓሉ መድረክ ላይ እንደ ጀግንነት እየጠሩ ያጨበጭቡልናል። እኔ ያንን ጭብጨባ አልፈልገውም። ጀግንነት የምንለው ነገር የአንድ መሥሪያ ቤት ግዴታ ሳይፈጸም መቅረቱ ነው። ጭብጨባው ይቅርና ጠመኔው ይምጣ፤ ትምህርቱን እኛ እናውቅበታለን።